የቦቴው ውሃ

ቦቴው ውሃውን ማጠራቀሚያው ሮቶ ውስጥ ገልብጦ ወደ ሶዶ ሲመለስ ኢየሩሳሌም የሮቶውን መዝጊያ ቁልፍ ይዛ ቦኖው አጠገብ ቀረች።

ከጉኑኖ ዝቅ ብላ ባለችው በዚህች ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። «ድንጋይ ገጠመን፣ ጠልቀን መግባት አለብን» እየተባለ በጀቱ ሁለት ጊዜ ተጨምሮ እጥፍ ሆነ። መቆፈሪያው ማሽን ግን አንድ ክንድ እንኳ አልጨመረም። ከጉድጓዱ ጭቃ የተቀላቀለ ውሃ ትንሽ ይመጣና ይቋረጣል። በሪፖርቱ ላይ ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል፤ ስድስት ሺህ ሰው ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። ዛሬ ደግሞ ከክልል እንግዳ መጥተው ሊመርቁት ነው።

«እንግዳው እስኪደርሱ ጠብታ እንዳይፈስ» አሏት የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አቶ ትግሉ። «ሮቶው ውስጥ ያለው ለምረቃው ብቻ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ፓምፑ ተበላሸ እንላለን፣ የጥገና በጀት እንጠይቃለን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሙከራ ጊዜሽን ያልጨረስሽ መሐንዲስ ነሽ። አትርሺ።» ይህን ብለው እንግዳውን ሊቀበሉ ወደ መንገዱ ወጡ።

እንግዳው ዘገዩ። ፀሐይዋ በረታች። ከማለዳ ጀምሮ ጀሪካን የደረደሩት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። ከፊት የቆመችው ፋንታዬ ጠጋ ብላ በወላይትኛ አናገረቻት።

«እህቴ፣ ለእኔ እንኳ አንድ ጀሪካን። ልጄ የወንዙን ውሃ ጠጥቶ ታይፎይድ ይዞት ተኝቷል።»

«ትንሽ ታገሺ፣ ሊከፈት ነው።»

«እሺ። ከዛሬ ወዲያ በየቀኑ ይመጣል አይደል? ወንዝ መውረድ ቀረልን?»

ኢየሩሳሌም አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን የፋንታዬን ባዶ ጀሪካን አየች።

«አይመጣም» አለች በመጨረሻ። «በቦቴ የመጣ ውሃ ነው።»

ፋንታዬ ሮቶውን ቀና ብላ አየችና ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች።

«እንግዲያው እነሱ ሳይመጡ ክፈቺልን።»

ኢየሩሳሌም ወደ መንገዱ አየች። ከዚያ ቁልፉን አዞረችው።

ሴቶቹ እየተሻሙ ሳይሆን እየተቀባበሉ ቀዱ። የመኪኖቹ አቧራ ሲታይ ሮቶው ሊነጥፍ ተቃርቦ ነበር። አቶ ትግሉ የራሰውን መሬት ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ?» አሉ በጥርሳቸው መሀል። መልስ ለመስማት ግን ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንግዳው ሪባኑን ቆርጠው ቧንቧውን ከፍተው ነበር። ቧንቧው አንዴ ውሃ ተፋ፣ አፏጨ፣ ቆመ።

«ፓምፑ ነው ክቡርነትዎ፣ ድንገት...» አሉ አቶ ትግሉ።

«ፓምፑ ደህና ነው» አለች ኢየሩሳሌም። «ጉድጓዱ የተከፈለበትን ያህል አልተቆፈረም። አሁኑኑ ማስለካት ይችላሉ።»

እንግዳው ወደ ጋዜጠኞቹ ዞረው «ካሜራውን አጥፉ» አሉ። አቶ ትግሉን መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ሄዱ። እሷን የጠራት አልነበረም፤ በሚኒባስ ተሳፍራ ሶዶ ገባች።

ከቀናት በኋላ ጉድጓዱ ሲለካ ከተከፈለበት ጥልቀት ግማሹን እንኳ አልሞላም። አቶ ትግሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ እሷ «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ተብላ ተሰናበተች። ሥራ ፍለጋ ከተማውን ስትዞር አንድ ቀን ፋንታዬ ደወለች።

«መቆፈሪያው ማሽን ተመልሶ መጥቷል።»

«ውሃ ወጣ?»

«ገና ነው። ግን በጥልቀቱ እንዳይዋሹን ቧንቧው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ እኛ ሴቶቹ በተራ ቆመን አንድ በአንድ እየቆጠርን ነው።»