ባለሽንሽኑ የአንገት ልብስ

እቴቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሹራብ ሲሠሩ ክር አሸንፏቸው አያውቅም። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ እሳቸው የሠሩትን ኮፍያና ካልሲ ለብሶ ነው ያደገው። ከሰው ጋር ወግ ይዘው፣ ወደ እጃቸው እንኳ ሳያዩ እጅጌ ይጨርሱ ነበር። ስለዚህ የእህታቸው ልጅ ዓርብ ከሰዓት አንድ ነጭ የክር ጥቅል ጭናቸው ላይ ስታስቀምጥ፣ "ይቺማ ለእኔ ምንም አይደለች" አሉ።

ልጅቷን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነች። ከአምስት ሳምንት በፊት እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ አንገቷ ላይ ከዳር እዳር የተጋደመ ቀይ ጠባሳ ቀርቷል። ሰኞ ሥራ ትገባለች። ሐኪሙ ድነሻል ብሏታል፤ እሷ ግን መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር የሸሚዟን ኮሌታ ወደ ላይ ትጎትታለች።

"የሱፍ የአንገት ልብስ ይኮሰኩሰኛል፣ እቴቴ። ይሄ ለስላሳ ነው። እንዲህ ሽንሽን ሆኖ ይወርዳል" ብላ መጠቅለያው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየቻቸው። "ለሰኞ ይደርስልኛል?"

"ለነገም ብትይኝ ይደርሳል!"

ግን ምኑ ክር ነው! ሲፈታ እንደ ሪባን ሰፋ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ መረብ ነው። እቴቴ እንደ ለመዱት ሰብስበው መርፌው ላይ ጠመጠሙት። ቅዳሜ ጠዋት ከእጃቸው የወጣው ነገር የልብስ ማስጫ ገመድ እንጂ ሽንሽን አይመስልም። ፈቱት። ሲፈቱት ደግሞ መረቡ መርፌው ጫፍ ላይ ተያዘና ተቀደደ።

ሥዕሉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እንደገና አዩት። ለካ መረቡን ዘርግቶ፣ በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ቀዳዳዎች ብቻ አንድ እየዘለሉ በመርፌ ማንሣት ነው፤ የቀረው ራሱ ተጨማዶ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ነገሩ ገባቸው። ይበልጥ ያበገናቸውም መግባቱ ነው። ስምንት ቋጠሮ ይዘው የጀመሩት ረድፍ ሲያልቅ አምስት ይሆናል፤ ቀጥሎ ዘጠኝ። ፈተው ጀመሩ፤ ደግመው ፈቱ።

"ይሄን የፈለሰፈ ሰው እጁ አይባረክ!" ብለው ወረወሩት። ተንከባሎ አልጋው ሥር ገባ። ተንበርክከው ጎትተው ሲያወጡት አቧራ ጠጥቷል።

"ላግዝሽ?" አለች ልጅቷ ከበሩ።

"ከላዬ ላይ አትቁሚብኝ!"

እሑድ ከምሳ በኋላ ቀስ ብላ ስትገባ፣ እቴቴ መርፌውን ከመረቡ ውጭ፣ ባዶ አየር ላይ ይወጋሉ።

"እቴቴ፣ ቀዳዳው አይታይሽም እንዴ?"

"ክሩ ነው ብልሹ!"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

እቴቴ መርፌውን አስቀመጡ። "ዓመት አልፎታል። ሱፍ ዓይን አይፈልግም፤ ጣት ይበቃዋል። ይሄ እርጉም ግን... አንቺ ታመሽ ተኝተሽ እኔ ስለ ዓይኔ ላውራ?"

ልጅቷ ጥቁር ቀሚሷን አምጥታ ጭናቸው ላይ አነጠፈች፤ ነጩ መረብ ጎልቶ ወጣ። አጠገባቸው ተቀምጣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሁለት አውራ ጣቷ እየወጠረች የመርፌውን ጫፍ ታስገባ ጀመር። ረድፍ በረድፍ ተጨቃጨቁ።

"ፈጠንሽ!"

"አንቺ ነሽ የዘገየሽ!"

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንገት አንድ ጊዜ የሚዞር ያህል ደረሰ። መሀሉ ላይ አንድ ቦታ ተጣሟል፤ እቴቴ በጣታቸው ዳብሰው አገኙትና ሊፈቱት ተነሡ።

"በሞቴ ተዪው!" አለች ልጅቷ እጃቸውን ይዛ። ተዉት፤ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሰኞ ለምሳ ስትመጣ አንገቷ ባዶ ነው።

"የት አለ?"

"ቦርሳዬ ውስጥ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሞቀኝና አወለቅኩት።"

"ሞቀኝ? ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቄን ሊያስጥለኝ የደረሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ነው?"

"አንዷ ተማሪዬ 'ምን ሆነሽ ነው?' አለችኝ። ሐኪም ቀዶኝ ነው አልኳት። 'ያማል?' አለች። አሁን አያምም ስላት፣ ጥርሷ እንዴት እንደ ወለቀ ታወራኝ ጀመር።"

እቴቴ የወጥ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርገው አስቀመጡት። ምሳው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ጠባሳውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ያሳክክሻል?"

"አልፎ አልፎ። ለአንቺ ደግሞ ለረቡዕ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።"

"ማን ያዢ አለሽ?"

ረቡዕ ጠዋት ግን ቀድመዋት ለብሰው በሩ ላይ ቆመው፣ "ነይ እንጂ፣ ምን ትጎተቻለሽ!" ይሏት ነበር።

የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሙ የአንዱን ዓይን በዚያው ወር፣ የሌላውን ከሁለት ወር በኋላ ቀዶ እንደሚያወጣላቸው ነገራቸው። እቴቴ መንገዱን ሁሉ አኩርፈው መጡ። የቤታቸው ደረጃ ሥር ሲደርሱ ግን ልጅቷ ሳትጠይቃቸው ክንዷን ያዙ።