የበኩሯ ስም

የጦር መርከብ ስሟ ለራሷ ብቻ አይደለም። በአንድ ንድፍ አሥር መርከብ ቢሠራ የበኩሯ ስም የሁሉም መጠሪያ ይሆናል። የእኛ ፈንጂ ጠራጊ መርከቦች በባሕር ወፎች ስም ነበር የሚሰየሙት፤ በኩሯ «ፉልማር» ስለነበረች፣ ታናናሾቿም የየራሳቸው ስም እያላቸው «ፉልማሮች» ይባላሉ።

ፉልማር ሰጠመች። ልጄ ሮሪ አብሯት ቀረ።

ጦርነት ለሐዘን ፈቃድ አይሰጥም፤ ክላይድ ወንዝ ዳር፣ ታናናሾቿ በሚሠሩበት የመርከብ ግቢ፣ ላሜራ መግጠሜን ቀጠልኩ። ቀኑን ሙሉ «የፉልማሩን ላሜራ አምጣ»፣ «የፉልማሩ በር የታለ» ሲባል እሰማለሁ። የሚደክመው ክንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮም ይዝላል።

ፎርማናችን ማክፌይል ተሳዳቢ ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ስማ አርቺ፣ ከልጆቹ ጋር ተመካክረናል። ቢሮውንም ጠይቄያለሁ። በኩሯ ከጠፋች በሁለተኛዋ መጥራት ይቻላል አሉ። አንተ እሺ ካልክ ከሰኞ ጀምሮ ‹ሳንደርሊንግ› እንላቸዋለን።»

እዚያው እሺ ልለው ነበር፤ ግን መጀመሪያ ለባለቤቴ ለሞራግ ላበስራት ፈለግሁ። ቤታችን ከግቢው አጥር ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሠራተኛው ጠዋት ማታ በመስኮታችን ሥር እያወራ ያልፋል። ያ ስም እሷንም እንደ እኔ የሚያደማት መስሎኝ ነበር።

ድንች እየላጠች ሳለ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እሺ አልክ?»

«ነገ እነግረዋለሁ። ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ?» አለች። «ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እህትህ እንኳ ሮሪ ብላ አትጠራውም። አንተም አትጠራውም። መስኮቱን የምከፍተው ለነፋሱ መሰለህ? እነሱ ፉልማር ሲሉ፣ ልጄ ያለበትን ቤት ዛሬም የሚጠራ አለ እላለሁ።»

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ወር ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

አልጠየቅኳትም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። እሷም ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

በማግስቱ ለማክፌይል ስሙ እንዳይቀየር ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠ።

«ትችለዋለህ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«አልችለውም» አልኩት። «እናንተ ግን ጥሩት። በመስኮቴ ሥር ስታልፉ ደግሞ ጮክ በሉ።»