ኮፈኑ ሲከፈት «እህ» በይ

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የኔን አጎት ብታይ ኖሮ ሳትወድ በግድ ስለ አባቷ ታወራ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። መኪና የምጠግንበት የቆርቆሮ ዳስ እሱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ትንፋሼንም ያከራየኝ ይመስለዋል። ሊገዛ ያሰበውን የመስክ መኪና እንዳይለት ይዞኝ የሄደ ቀን፣ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠናኝ ነበር።

«ኮፈኑ ሲከፈት እህ በይ።»

«ምን አይቼ?»

«ምንም። እህ ብቻ በይ። ከዚያ ራስሽን ነቅንቂ። ቀሪውን ለኔ ተይው።»

«በሽተኛ ልንጠይቅ ነው የምንሄደው ወይስ መኪና ልናይ?»

«ምላስሽን እዚያ ስትደርሺ አውጪው!»

ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚገዛ አውቃለሁ። ዐዋቂ ተብዬ ይዞ ይሄዳል፣ ዐዋቂው ያቃስታል፣ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ግን የማንም የምስክር ወረቀት የለኝም። ሙያውን የተማርኩት ሰው የጣለውን ሞተር ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ግማሽ ገጹ የተገነጠለ የጥገና መጽሐፍ እያነበብኩ ነው። ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው። «እሷ ደህና ነው ካለች ደህና ነው» መባል የጀመረውም ገና ዘንድሮ ነው። አንዴ ከዋሸሁ የሚቀረኝ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግራሶ ነው።

ሻጯ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነች። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከመደርደሪያዋ ኋላ ወጥታ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ጋሼ ቆጣሪው ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያነብ፣ ሬሳ እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ይሄማ ጨረቃ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው!»

«አልደበቅኩም» አለች ሴትዮዋ። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አገር ላገር መድኃኒት ያመላለሰበት ነው።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ጋሼ በክርኑ ጎሸመኝ። «እህ» ሳልል ሞተሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። አስቀድማ አሙቃ አልጠበቀችንም ማለት ነው። በአንድ ቁልፍ ተነሳ፤ ጭስ የለውም። ሥሩ ገብቼ ተንጋለልኩ። ሻንሲው ብየዳ አልነካውም። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ጎማውን የሚያዞረው የጥርስ ቤት፣ ግን ዘይት ያልበዋል፤ አስፋልት ወጥተን ስንነዳውም ከኋላ ያላዝናል። ዓመት ሳይሞላው መፈታቱ አይቀርም። ያም ሆኖ የጠራችው ዋጋ ይህን ሁሉ ታሳቢ ያደረገ ነበር።

ስንመለስ ጋሼ እኔ እምቢ ያልኩትን ራሱ አቃሰተው። «እህህ! በይ ንገሪያት እንጂ የእህቴ ልጅ። ሞተሩ አልቋል አይደል?»

«ሞተሩ ደህና ነው» አልኩ። «ኪሎ ሜትሩ ቢበዛም የረጅም መንገድ ነው፤ አልተንገላታም። የኋላው ዲፈረንሻል ጥገና ይፈልጋል። እሱም ተቆጥሮ፣ በተጠራው ዋጋ ያዋጣል።»

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ያንን ዳስ ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ።»

ይፍረስ፣ አልኩ በልቤ። ቢያንስ አንዲት ሴት ሳትዘረፍ ትውላለች። ምስጋና እንኳ ባይሆን ፈገግታ ጠብቄ ወደሷ ዞርኩ። መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ትወለውላለች።

«እንዲህ ከሆነማ» አለች፣ «አርክሼው ነበር ማለት ነው። መቶ ሺህ ይጨመርበት።»

ቤንዚን በቱቦ ስስብ አንዳንዴ አፌ ይገባል። ልክ ያ ጣዕም መጣብኝ።

«እትዬ፣ ዲፈረንሻሉን ነግሬዎታለሁኮ!»

«ያዋጣል ያልሽው አንቺው ነሽ!»

«በተጠራው ዋጋ ነው ያልኩት። በዚህኛው አያዋጣም። ጋሼ፣ እንሂድ።»

የእውነቴን ነበር የሄድኩት። በሩ ጋ ሳንደርስ «በሉ በፊተኛው ዋጋ ይሁን!» ብላ ጠራችን። ጋሼ ግን የመሄድን ጥቅም ቀምሷል፤ አልቆመም። መንገድ ድረስ ተከትላ እንድትለምነው አደረገና ከመጀመሪያውም ባነሰ ዋጋ ቁልፉን ተቀበለ።

«አንቺ እባብ!» እያለ መሪውን ይደበድባል፣ ወደ ቤት ስንነዳ። «አመስግኖ፣ አስጎምጅቶ፣ መልሶ መጣል! እኔ እህ በይ ብዬ የማስጠናው ለካ ፕሮፌሰሯን ነው!»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ለኔም ታስመስያለሽ?» ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ዳሱን ሊያፈርስ ቀርቶ አዲስ ቆርቆሮ ሊያለብስልኝ ማለ።

ግቢው በር ላይ ዳቦ ጋጋሪውን አገኘነው። ባለፈው ወር የመኪናውን ፍሬን ሠርቼለት «ልጆችህን ጫንበት፣ አትስጋ» ያልኩት ሰው ነው። ጋሼ ከመኪናው ሳይወርድ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ ሴትዮዋን እንዴት እንደሸወድኳት ተረከለት። ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀጠነ መጣ።

«እና የኔን ፍሬን ደህና ነው ያልሽውስ?»

«ደህና ነዋ!»

«አይ፣ ያኔም እንደዚሁ ኮስተር ብለሽ ነበርና...»

«አምጣው። አሁኑኑ ጎማውን ፈትቼ ላሳይህ።»

«ተይው እኅቴ፣ አትድከሚ። ሌላ ሰው ያየዋል።»

በትሕትና ነው ብሎኝ የሄደው። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ጋሼ ጡሩንባውን አንባረቀው። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? በሩን ክፈቺና ላስገባው እንጂ!»

ትንሿን በር ብቻ ከፍቼ ገባሁ። ከዳሱ መኪና ማንሻውን ክሪክና የጎማ መፍቻውን አንስቼ ወጣሁና ጋጋሪው የመንገዱን ጥግ ሳይዞር ተከተልኩት።

«በነፃ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብሎ ክሪኩን አየና እርምጃውን አፈጠነ።