የማይለወጠው ቁጥር

ሱሌማን ቲማቲሙን የሚያጠጣበትን የውሃ ፓምፕ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ውሃው አጠገብ ያስቀመጠው ወዶ አይደለም። ቱቦው አጭር ነው፤ ትንሽ ራቅ ካደረገው አይስብለትም። ታዲያ ወንዙ ሲሞላ ሁለት ሰው ሆኖ ፓምፑን ወደ ላይ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ቲማቲሙም የቤቱ ቀለብም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ደግሞ የባሮ ነገር! ጋምቤላ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ሳይነገር ከተፍ ይላል።

ሰው እንዲህ ሳያስበው እንዳይያዝ ነበር ታናሽ እህቱ ሪድዋና የምትሠራበት ቢሮ የወንዙን ከፍታ በስልክ የሚያሳይ ገጽ የከፈተው። ከወንዙ ላይኛው በኩል የተተከለው መለኪያ በየጊዜው ቁጥር ይልካል፤ ሰው ከፍቶ ያያል። ችግሩ፣ ደጋው ላይ ዘነበ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል፤ ገጹም ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሱሌማን "ሲፈለግ የማይገኝ ዘመድ ነው ያመጣሽብኝ" እያለ ሲያበሽቃት ከርሟል። በቀልድ ቢናገረውም ሪድዋናን ውስጧን ይበላት ነበር።

አንድ የግንቦት ጠዋት እልህ ይዟት ቁጭ አለች። ገጹን የሚያሠራው ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ኮንቴይነር በሚሉት የራሱ ክፍል ውስጥ ተለይቶ የሚኖር ነው። ከጎኑ ሌላ ኮንቴይነር አስነሣችለት፤ ካሽ ይሉታል። ሥራው ቀላል ነው፤ ለያንዳንዱ ሰው ቁጥሮቹ እስከሚከማቹበት ዳታቤዝ ድረስ መመላለስ ቀርቶ፣ አንዴ የመጣውን ቁጥር በሜሞሪ ይዞ ለጠየቀው ሁሉ እዚያው ይሰጣል። ቁጥሩን ምን ያህል ጊዜ ይዞ በአዲስ እንደሚለውጠው መንገር ግን የሠሪው ፈንታ ነው። ሪድዋና መጀመሪያ ፍጥነቱን ልየው ብላ ይሄንን ለኋላ አቆየችው።

ፍጥነቱ ጉድ አሰኘ። የቢሮው ሰው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ሞከረ፤ ገጹ ገና ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል። አለቃዋ አቶ ጥዑመልሳን "እሰይ የኔ ልጅ! ምሳ በኔ ነው" ብለው ይዘዋት ወጡ። እሷም በደስታ የቀረውን ነገር ረሳችው። ምን ይደረግ፣ ሲያሞግሱት የማይዘናጋ ማን አለ!

በምሳው መሃል ሱሌማን ደወለ።

"ሪዱዬ፣ ወላሂ ዛሬ ኮራሁብሽ! ነካ ሳደርገው ከፈት! ሁለት ሜትር ከአሥር ይላል። ጋትኩዋት ፓምፕህን እናውጣ እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ እህቴ የሠራችውን አይቻለሁ፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።"

ጋትኩዋት ከጎኑ በቆሎ የሚያለማ ጎረቤቱ ነው። ሪድዋና ሳቀችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ለመኩራራት ያህል እሷም ገጹን ከፈተችው። ሁለት ሜትር ከአሥር። ጠዋት ሥራውን ስትጀምርም ሁለት ሜትር ከአሥር ነበር። ባሮ ደግሞ ዝም ብሎ በተኛበት ቀን እንኳ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሳይል አይውልም።

"ውይ ሪድዋና፣ ጉድሽ ፈላ!" አለች ለራሷ።

ደወለች፤ አያነሣም። ደገመች፤ ይጠራል፣ አያነሣም። አቶ ጥዑመልሳንን ይቅርታ እንኳ ሳትጠይቅ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች። መንገዱን ሙሉ "ያ አላህ፣ እሱን ብቻ አትርፍልኝ" ስትል ባለባጃጁ ዞር እያለ ያያታል።

ስትደርስ ወንዙ ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሱሌማን እስከ ደረቱ ርሷል። ፓምፑን ሊከተል ሲል ጋትኩዋት በሸሚዙ አንቆ ጎትቶ ነው ያስቀረው፤ አሁንም ሸሚዙን አልለቀቀውም። ፓምፑ የለም። የተሰበሰበው ሰው ገጹን ይረግማል፤ ሱሌማን ደግሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይጮኻል።

"በእህቴ ሥራ አትምጡብኝ! ይኸው፣ እዩት! ሁለት ሜትር ከአሥር! ወንዙ ነው ያበደው!"

ሪድዋና እጁን ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

"ሱሌ፣ ወንዙ አላበደም። ይሄ የጠዋት ቁጥር ነው። ፕሮግራሙን ቁጥሩን እንዲይዘው ነገርኩት፤ በአዲስ እንዲለውጠው ግን ሳልነግረው ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሱሌማን ስልኩን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እሷን አየ።

"ውሃው እግሬን ሲነካኝ እኮ..." አለ ቀስ ብሎ፣ "ስልኬን ነው ያየሁት። አንቺ የሠራሽው ነው ብዬ።"