የእማዬ እሑዶች

«ለናንተ ቤተ ክርስቲያን ወንበር አልሠራም፤ ሌላ አናጢ ፈልግ!» አለ ታላቅየው፣ ታናሽ ወንድሙ በሥራ ቤቱ በር ብቅ ሲል።

«ወንበር አይደለም ጋሼ። የሬሳ ሣጥን ነው። እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች።»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ።

የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ለሁለት ከተከፈሉ ጀምሮ ወንድማማቾቹ ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። እናታቸው ግን ላለመምረጥ ስትል አንዱን እሑድ ከታላቅየው ጋር፣ አንዱን ከታናሽየው ጋር ትጸልይ ነበር።

«ከማረፏ በፊት ምን አለች?» አለ አናጢው።

«‹አንድ ላይ ሆናችሁ ጸልዩልኝ› አለች።»

«በቁሟ ስትለምነኝ እምቢ ብያት!» አለ አናጢው፤ ለሣጥኑ የሚሆን ሳንቃ አነሣ።

ታናሽየው ሳንቃውን ያዘለት።

በማግስቱ ሁለቱ ማኅበሮች ከመቃብሩ ግራና ቀኝ ተለያይተው ቆሙ። ወንድማማቾቹ መሐል ላይ ተንበርክከው አብረው ጸለዩ።