ድልድዩ ጋ የመጡት አህዮች

የዋይራፓታ ሬዲዮ ሥራ አስኪያጅም፣ ጠጋኝም፣ ጠራጊም ኤርሞሄኔስ ኮልኬ ነው። ማሰራጫው ያረጀ ስለሆነ ባመመው ቁጥር መድኃኒቱን የሚያውቅለት እሱ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚተላለፈው የመልእክት ሰዓት።

ይህን ሰዓት ዶኛ ፕሪሚቲባ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንብባዋለች። የእከሌ ሚስት በሰላም ተገላገለች፣ የእከሌ የጭነት ላማ ጠፍቶ ተገኘ፣ እከሊት ሐሙስ ትመጣለችና መንገድ ድረስ ተቀበሏት፤ ለተራራው ሰው ሁሉ ወሬ የምታደርስ እሷ ናት። የሬዲዮው ኮሚቴ ሊቀመንበር ዶን ኒካኖር ግን ሰዓቱ ይሰረዝና ኩምቢያ ሙዚቃ ይግባበት ባይ ነው። ዘመኑ የስልክ ነው፣ ማንም አይሰማትም ይላል። ነገሩ እሁድ በጉባኤ ሊወሰን ነው። ፕሪሚቲባ አልተከራከረችም፤ ብቻ አንብባ ስትጨርስ የኮካ ሻይዋን ሳታጋምስ መሄድ ጀመረች። ኤርሞሄኔስ የተረፈውን ሻይ በደፋ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

ዓርብ ማታ ማሰራጫው ዝም አለ። ኤርሞሄኔስ ፕሪሚቲባን ነገ አትምጪ አላትና ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ጀርባውን ፈታው። አይጥ ሽቦውን ቀርጥፋ፣ ሙቀቱ ውስጥ ጎጆዋን ቀልሳለች። ለጎጆዋ የቦጫጨቀችው የዶን ኒካኖርን ቃለ ጉባኤ ሆኖ ስላገኘው ብቻውን ሳቀ።

ሽቦውን ቀጠለና ሊሞክር ተቀመጠ። ሲሞክር፣ ድምፁ በአንቴናው ወደ ሕዝብ እንዳይወጣ ማዞሪያውን ወደ አንድ ትልቅ አምፖል ያዞረዋል፤ አምፖሉ ከበራ ማሰራጫው ድኗል ማለት ነው። አንድ፣ ሁለት እያለ መቁጠር ስለሚሰለቸው የፕሪሚቲባን አሮጌ ደብተር መዘዘና ከሦስት ዓመት በፊት የተላለፈ አንድ መልእክት አነበበ።

«የላይኛው ቻልያ ሰዎች፣ የድንች ዘሩ እሁድ ጠዋት ይደርሳል። በየቤቱ አንድ አንድ አህያ ይዛችሁ ድልድዩ ጋ ጠብቁ።»

አምፖሉ አልበራም። የማሰራጫው የኃይል መለኪያ መርፌ ግን ቀጥ ብሎ ስለቆመለት፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ነው ብሎ አለፈውና ደስ ብሎት ቁርሱን ሊበላ ሄደ።

እሁድ ከፕሪሚቲባ ጋር ወደ ጉባኤው ሲሄዱ ድልድዩን መሻገር አቃታቸው። ስልሳ የሚሆኑ አህዮች ገመድ ለገመድ ተጠላልፈው ቆመዋል። ኤርሞሄኔስን ላብ አጠመቀው። ማዞሪያውን ወደ አምፖሉ ማዞር ረስቶ፣ ያነበበው ለሕዝብ ወጥቶ ነበር። ድንጋይ ላይ ወጣና ዘር የሚባል እንደሌለ፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ ተናዘዘ።

አንዲት ባልቴት ወደ ፊት ቀረቡ። «ሦስት ሰዓት በእግሬ የመጣሁት አንተ ንባብ እንድትለማመድብኝ ነው?» አሉት። ከዚያ ጎኑ የቆመችውን ፕሪሚቲባን አዩና ፊታቸው በራ። «አንቺ፣ ደህና ነሽ እንዴ? የዚህን ጎርናና ድምፅ ስንሰማ ታመሽ መስሎን እኮ ነው።»

ሰዉ ከየአህያው ላይ ለበሽተኛዋ ያመጣውን ያወርድ ጀመር፤ አይብ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ አንድ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ፕሪሚቲባ በሻሏ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቀና ስትል ከአህዮቹ ኋላ አንገቱን ቀብሮ የቆመ ሰው አየች።

«ዶን ኒካኖር፣ እርስዎ መልእክቱ በስልክ ደረስዎ?»

«እኔ አይደለሁም» አለ ዶን ኒካኖር የሁለት አህዮች ገመድ እንደያዘ። «ባለቤቴ ናት የሰማችው።»

«ዓይኑን በጨው አጥቦ!» አለች ሚስቱ። «ተነሽ፣ ፕሪሚቲባ የለችም፣ ምን ሆና ነው ብሎ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ማን ሆነና?»

ኤርሞሄኔስ ልጁን ክርስትና ላነሳለት ለዶን ኒካኖር አዘነለት። «አበልጄ፣ ጉባኤውን እዚሁ እናድርገው?» አለው። እዚያው አደረጉት። የመልእክት ሰዓት ይቀጥል የሚል ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ፤ ዶን ኒካኖርም ገመዱን ለሚስቱ አስይዞ አወጣ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ፕሪሚቲባ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠች። የላይኛው ቻልያ ሰዎች አህዮቻቸውን እንዲያሳርፉ፣ ዶሮዋም እንቁላል እንደጣለች አስታወቀች። አንብባ ስትጨርስ ደብተሯን ከደነችና ሻይዋን አንስታ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ኤርሞሄኔስ በኋላ ብርጭቆውን ሲያነሳ የሚደፋ አልነበረውም።