ስለ ዘገየው የዜማ ብርዕ እትም

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ጠባይ እጅግ ይደንቃል፤ በላቡና በድካሙ የሚያገኘውን ነገር ዓመታት ቆጥሮ በትዕግሥት ይጠባበቃል፣ በችሮታና በልግስና የተቀበለውን ግን ከአባቶቹ እንደ ወረሰው ርስት ይቆጥረዋልና፣ ጥቂት በዘገየበት ጊዜ ሰጪውን ይነቅፋል፣ ይወቅሳል። በደብረ ታቦር ከተማ ይኖሩ የነበሩት መሪጌታ ላእከ ማርያምም፣ በትምህርታቸው ምሉዕ፣ በአንደበታቸው ርቱዕ ሳሉ፣ ከዚህ ጠባይ አላመለጡም።

መምህራቸው የኔታ ወልደ ትንሣኤ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሊቅ፣ በሌላ ደብር የማይገኝ የምስጋና ዜማ በቃላቸው የያዙ ነበሩና፣ «ተጽፎ ሳላየው እንዳልሞት» ብለው ስለ ተማጸኗቸው፣ መሪጌታ ዜማውን ከነምልክቱ በኮምፒውተር ይጽፉት ጀመር። መጻፊያቸውም «የዜማ ብርዕ» የተሰኘ፣ ማንም ያለ ዋጋ የሚወስደው፣ የውስጥ ኮዱም ሊመረምረውና ሊያርመው ለወደደ ሁሉ የተገለጠ ሶፍትዌር ነበረ። ዳሩ ግን ርክርክ የሚባለው ምልክት፣ ድምፅ የሚርገበገብበትን ፊደል የሚያሳየው፣ ከባለቤቱ ፊደል እየሸሸ በጎረቤቱ ላይ ያርፍ ነበርና፣ ገጹን አይቶ የሚያዜም ሁሉ መሳቱ የማይቀር ሆነ። መሪጌታ በሶፍትዌሩ ገጽ ላይ ለአዘጋጁ ጻፉ፤ «በሚቀጥለው እትም ይታረማል» ተባሉ፤ ሰባት ወር ግን አለፈ፣ እትሙም አልመጣም። የየኔታ ዐይን ከሳምንት ወደ ሳምንት እየፈዘዘ ሲሄድ የደቀ መዝሙሩም ትዕግሥት አብሮ ተሟጠጠ፤ በዚያው፣ ተጠቃሚዎች ሁሉ በሚያነቡት ገጽ ላይም በአደባባይ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ይህን ሥራ የያዝኸው ሰው፣ ወይ ሥራ፣ ወይ ለሚሠራ ልቀቅ። ሌሎቹ የእነርሱን በየወሩ ያድሳሉ፤ አንተ ግን ተኝተሃል።»

በማግሥቱ መልስ መጣ፦ «መሪጌታ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ ዘምዘም ይመር እባላለሁ፣ በደሴ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ዐምና በችኮላ ያወጣሁት ማሻሻያ የብዙ ሰው ጽሑፍ ስላበላሸ፣ ሳላረጋግጥ ዳግመኛ ላላወጣ ቆርጫለሁ። እርማቱ ከተሠራ አምስት ወሩ ነው፤ ልክ መሆኑን የሚነግረኝ ዜማ ዐዋቂ ግን አጣሁ። ጠይቄም ነበር፤ የመለሰልኝ የለም።» መሪጌታ ገጹን ወደ ኋላ ቢመልሱ፣ ጥያቄዋ ከራሳቸው የመጀመሪያ አቤቱታ ሥር፣ አምስት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው ተቀምጦ አገኙት። ፊታቸው በኀፍረት ጋለ፤ ከዚያም ጽሑፋቸውን ጠቅልለው በአውቶቡስ ወደ ደሴ ወረዱ።

ወይዘሮ ዘምዘምና ቤተሰቧ እንግዳውን በክብር ተቀበሉ፤ መሪጌታም በጦም የተፈቀደው ምግብ ለብቻው በአዲስ ድስት ተሠርቶ ሲቀርብላቸው ልባቸው ተነካ። ሦስት ቀን ሙሉ እርሳቸው መስመር በመስመር እያዜሙ፣ እርሷ በኮምፒውተሩ ላይ ምልክቱን እያነሣች እየጣለች፣ አንድም ገጽ ሳይዘሉ መረመሩ። በመካከሉም መሪጌታ፣ «እስላም ሆነው ሳለ ስለ ርክርክ ይህን ያህል የደከሙት ስለ ምንድር ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ «መጻፊያውን ለተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አንድ የዋድላ ዲያቆን ምልክቶቹን ጨምሪልኝ ቢለኝ፣ እምቢ ማለት ከበደኝ» ስትል መለሰች። በሦስተኛው ቀን ግን፣ በእርማቱ አርባ መስመሮች ሲቃኑ፣ ዐሥራ አንድ መስመሮች እንደ ተጣመሙ ቀሩ። ዘምዘም በለሰለሰ ድምፅ፣ «መሪጌታ፣ አይቀየሙኝና፣ እነዚህ ከሶፍትዌሩ አይደሉም፤ ምልክቱን ሲጽፉ ራስዎ ነዎት በሌላው ፊደል ላይ ያስገቡት» አለቻቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ አዩ፤ አይተውም ጥምጥማቸው እስኪናጋ ሳቁ። «እንግዲያ ሰባት ወር ሙሉ በራሴ ስሕተት ነው እርስዎን ስከስስ የኖርኩት!» ቢሉ፣ «ግድ የለም፣ የቀሩት አርባዎቹ የኔ ናቸው» አለች፤ ሁለቱም እንደ ገና ሳቁ።

አዲሱ እትም በአራተኛው ቀን ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም የመሪጌታ ድምፅ ሳይመረምረው የወጣ እትም የለም፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሌሎች ሁለት ሊቃውንት ተጨመሩና፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደስ የነበረው በየሦስት ወሩ ይታደስ ጀመር። የኔታ ወልደ ትንሣኤም በጠዋት ፀሐይ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ደጃፍ ተቀምጠው፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ወረቀት ወደ ዐይናቸው አስጠግተው፣ የኖሩበትን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ ሳይሰናከሉ አዜሙት፤ ሲፈጽሙም፣ «ልክ ነው» ብቻ ብለው፣ ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት። መሪጌታም አጠገባቸው ቆመው ያን ጊዜ በልባቸው የተረዱት ይህ ነበር፤ ለሁሉ የተሰጠ ሥራ የሚዘገየው፣ የሁሉ መሆኑ ተረስቶ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው።